የመቃኑ መስመር

ልጄን ሲወስዱት ቁመቱ ትከሻዬን ትንሽ አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደጨመረ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ልጃችን ገና ፊደል ሳይቆጥር በሕመም ዐረፈ። እኔና ልጄ በናዝሬት፣ ከጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። የአንድ ሆቴል አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የካውያውን ከሰል ያቀጣጥልልኛል። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ከትምህርት ቤት ወሰዱት። ምን አጠፋ ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱ ይነግርሻል» አሉኝ። ከእሱ ጋር ግን አላገናኙኝም።

መጀመሪያ እዚሁ ከተማችን ነበር። ኋላ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለች ከተማ አዛወሩት። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ፣ ስንቅ ይዤ እሄድ ነበር። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣለሁ፤ በሞጆ አድርጌ፣ ቆቃን አልፌ፣ በየኬላው ገመድ በተወጠረ ቁጥር ከአውቶቡስ ወርጄ እየተፈተሽኩ እደርሳለሁ። ስንቅ መቀበል እንጂ ሰው ማየት አይፈቀድም ነበር። ልጄ ከግንቡ ወዲያ ነው፤ እኔ ከግንቡ ወዲህ ነኝ። ሐይቁ ከዚያው አጠገብ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ይሸተናል። እሱም ይሸተው ይሆናል እል ነበር። አንድ ነገር አብረን እንደ መቅመስ ነበር የምቆጥረው።

ደጃፉ ላይ ያለው ዘበኛ ከቢስክሌት ጎማ የተነቀለ ሽቦ ነበረው። የምሳ ዕቃውን ይከፍታል፤ በሽቦው ወጡን ያማስላል፣ ዳቦውን ወዲያና ወዲህ ይወጋል፣ ከዚያ በእጁ ይቆራርሰዋል። ልጄ አንድም ጊዜ ሙሉ ዳቦ አልደረሰውም። የምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ፣ ሰውየው አለ ማለት ነው። እንደሞላ ከተመለሰ፣ ታሟል ወይም ተዛውሯል። ልብስ ከወጣ ግን ዳግመኛ ስንቅ አይመጣም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጮክ ብሎ የተናገረው ግን አልነበረም።

መቂን ያገኘኋት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። መቂ የከተማዋ ስም ነው፤ ሴትዮዋ ከዚያ ስለምትመጣ እንዲያ እጠራታለሁ፣ እሷም «ናዝሬት» ትለኛለች። ቲማቲምና ሽንኩርት ታመርታለች፣ ትሸጣለች። ባሏ እህሌን በመንግሥት ዋጋ አልሰጥም ብሏል ተብሎ ነው የታሰረው። ሙስሊም ናት፤ አማርኛዋ ከኦሮምኛዋ ጋር ተቀይጦ ይወጣል፣ ያምርባታል።

«አካም ቡልቴ፣ ናዝሬት?» ትለኛለች፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ መቂ።»

«ዛሬም ጾም ነው?»

«ዛሬም ጾም ነው።»

«እናንተ ግን የምትበሉት መቼ ነው?» ትለኛለች። ከዚያ ቲማቲም ትሰነጥቅና ጨው ነስንሳ ትሰጠኛለች። ከእሷ እጅ የበላሁት ቲማቲም ጣዕሙ ሌላ ነበር። ይኸው ዛሬም ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ባየሁ ቁጥር እሷን ፍለጋ ቀና እላለሁ።

በዚያ ክረምት ስለ አዲስ ሕገ መንግሥት በሬዲዮ መነገር ጀመረ። ወታደራዊው አስተዳደር ያበቃል፣ ሥልጣን ወደ ሕዝብ ይመለሳል፣ ረቂቁንም ሕዝቡ ይወያይበታል ተባለ። ሬዲዮው የሚለውን እንሰማ ነበር። ግንቡ ሥር የነበርነው ሴቶች ግን የምናየው ሽቦውን ነው። ጠልቆ ከገባ፣ ከበላይ የመጣ ነገር አለ። እንደ ነገሩ ነካ አድርጎ ካለፈ፣ ሳምንቱ ሰላም ነው። ስንቁን አስረክባ የምትመለሰውን እንጠይቃታለን።

«ዛሬ እንዴት ነው?»

«ጠልቋል።»

ወይም ደግሞ «ነካ ነው» ትላለች፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እንተነፍሳለን። ስለ አዲሱ ሥርዓት ከዚህ የተሻለ የምናውቅበት ነገር አልነበረንም።

በእኛ ቀበሌ ረቂቁ የሚነበበው እሑድ ጠዋት ነበር። ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ በቀጥታ ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ። ውይይቱን የሚመራው ከላይ የተላከ ካድሬ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያልበዋል፣ ቶሎ ቶሎ ውኃ ይጠጣል። ውይይቱ ምን ያህል ዴሞክራሲያዊ እንደነበር ለበላዮቹ የሚያስረዳው ምን ያህል ሰው እንደተናገረ ጽፎ ነው። በተለይ እናቶች እንዲናገሩ ይፈልግ ነበር። እናቶች ግን አንናገርም። ስለዚህ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ፣ ከአጥሬ ማዶ የምትኖር ጎረቤቴ፣ ጥያቄዎቹን አስቀድማ በየቤታችን ታድል ጀመር።

«ያንቺ የሴቶች እኩልነት ነው» አለችኝ። «በረቂቁ የሴቶች እኩልነት እንዴት ተረጋግጧል ትያለሽ። በቃ። መልሱ ካድሬው ጋ ተጽፏል።»

«ሌላ ሰው ይጠይቅ።»

«አንቺ ቆራቢ ነሽ፣ ሰው ያከብርሻል። ደግሞም የእስረኛ እናት ተናገረች ቢባል ላንቺም ደግ ነው። ላንቺው ብዬ ነው።»

እውነቷን ነበር። ለእኔው ብላ ነበር።

ያን እሑድ ካድሬው ሲያነብ አንድ አንቀጽ ላይ ደረሰ፤ ሰው ያለ ሕግ እንደማይያዝ፣ ያለ ፍርድም እንደማይታሰር የሚል። ከዚያ በኋላ የተነበበውን አልሰማሁም። ያቺን አንቀጽ በልቤ ይዤ ቀረሁ። አንብቦ ሲጨርስ ጎረቤቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ተነሣሁ። የተሰጠኝን ጥያቄ በቃሌ ይዤው ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ያለ ፍርድ ሰው አይታሰርም ተብሏል። ይኼ አስቀድሞ የገቡትንም ያያል ወይስ ወደፊት የሚገቡትን ነው?»

ካድሬው ወረቀቱን አየ። ከእኔ የሚጠብቀው ጥያቄ የቱ እንደሆነ ያውቃል፤ መልሱም ከፊቱ ተዘርግቷል።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናታችን» አለ። ከዚያም ሴቶች በሥራ፣ በትዳርና በትምህርት ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሲጨርስ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ።

ከኋላ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ «ጥያቄው እኮ ሌላ ነበር» አሉ፤ ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ቀስ ብለው ነው ያሉት። አንድ ሰው ሳቀ። ሌላም ሳቀ። በቀበሌ ስብሰባ ሰው ሲስቅ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነበር። ካድሬው ማን እንደሳቀ ሊያጣራ አልፈለገም፤ ውኃውን ጠጣና ወደ ሌላው አንቀጽ አለፈ።

ከስብሰባው ስወጣ ከጎኔ የሄደ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ መጣች። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር።

«ምን ነካሽ?» አለችኝ። «አንድ መስመር ነው እኮ የሰጠሁሽ።»

«ተሳሳትኩ።»

«አልተሳሳትሽም» አለች። ተነሥታ ልትሄድ ስትል እጄን ጨበጥ አደረገች።

ለመቂ ስነግራት ግንቡን ተደግፋ እስክትንሸራተት ሳቀች። «ከባልሽ እኩል ነሽ አለሽ? የኔ ባል ታስሯል፤ እኩል ልሁን ብዬ ልግባ?» ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሳቋ ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ግን ጠየቅሽ» አለችኝ። «ጠይቀሽ ቤትሽ አደርሽ። ይኼ ከሽቦው ይበልጣል።»

በሚቀጥለው የስንቅ ቅዳሜ ደጃፉ ላይ አዲስ ዘበኛ አገኘን፤ ፊቱ ገና ያልጠቆረ። የምሳ ዕቃዬን ከፈተ፣ አየ፣ ከደነ። ሽቦ የለም። ዳቦዬ ሳይቆረስ ገባ። የመቂም ቂጣ እንዲሁ ገባ። ሴቶች እርስ በርስ ተያየን። ማንም «ነካ ነው» እንኳ አላለም፤ ለዚህ ቃል አልነበረንም። እኔ ልቤ ውስጥ ያለውን ለማንም አልተናገርኩም። ጥያቄዬ ደርሷል ብዬ ነበር። እመብርሃን ጥያቄዬን በእጇ ይዛ መድረስ ካለበት ቦታ ያደረሰችልኝ መሰለኝ።

ስለዚህ ናዝሬት እንደተመለስኩ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። በእኛ ቤት ልማድ እስር ቤት የከረመ ልብስ ደጃፍ አልፎ አይገባም፤ የሚፈታ ሰው በንጹሕ ልብስ ነው የሚገባው።

«ሱሪና ሸሚዝ» አልኩት።

«ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

«ይምጣና ልለካው።»

«የለም።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየኝ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «እንግዲያው ቁመቱን በእጅዎ ያሳዩኝ» አለ።

እጄን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። አሁንም ትንሽ። እጄ አየር ላይ ቀረ። የወለድኩትን ልጅ ቁመት አላውቅም ነበር።

«እግሩን አስረዝሜ አጥፌ እሰፋዋለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን ወደ ስፌት መኪናው መልሶ። «ቢያጥር ኋላ ይፈታል።»

ሲያልቅ አጠብኩት፣ ተኮስኩት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ግንቡ ሥር መቂ ጥቅሉን አየችው።

«ምንድን ነው?»

«ሲወጣ የሚለብሰው።»

መቂ ጥቅሉን በጣቷ ዳሰሰችው። አዲሱ ዘበኛ ጥቅሉን ከስንቁ ጋር ተቀበለኝ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ፤ ቲማቲም በላሁ። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ዘበኛው ብቅ አለና የልጄን ስም ጠራ። ተነሣሁ። በእጁ የያዘው ልብስ ነው።

ልብስ ወጣ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን በከፊል ነው የማስታውሰው። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሌላዋ ድምፅ ማውጣት ጀመረች። መቂ ግን ጥቅሉን ከዘበኛው እጅ ነጠቀች። ፈታችው፣ አፍንጫዋን ሸሚዙ ውስጥ ቀበረች።

«ዝም በሉ!» አለቻቸው። «ሳሙና ነው የሚሸተው። ናዝሬት፣ ነይ አሽትቺ። ያንቺ ሳሙና ነው። የካውያሽ መስመር እንኳ አልተሰበረም። ልጅሽ አልነካውም።»

ዘበኛው ግራ ተጋብቶ ያየናል። «ልብስ አይገባም ብለው መለሱት እኮ» አለ። «ምን ሆናችሁ?» ከኋላው የምሳ ዕቃውን አወጣልኝ። ባዶ ነው፤ ታጥቧል፤ ልጄ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የጨርቁ ጫፍ አንድ ጊዜ ተቋጥሯል። ያን ቋጠሮ ሳይ ማልቀስ ቻልኩ።

«አዲስ ነህ እንዴ?» አለችው መቂ።

«አዲስ ነኝ።»

«ሽቦውስ?»

«የምን ሽቦ?»

መቂ አፏን በእጇ ያዘች። ስለ ሽቦው የነገረው ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። በሚቀጥለው የስንቅ ቅዳሜ ሽቦ ይዞ አገኘነው። መቂ ግንባሯን እየመታች «ባልናገር ምን ነበር?» ስትል ዋለች። እኔ ጥቅሉን ወደ ቤት መልሼ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በየጊዜው አወጣና እተኩሰዋለሁ። የሆቴሉ አንሶላ ሲያልቅ፣ ካውያው ገና ትኩስ ሳለ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ድምፅ ተሰጠበት፤ ጸደቀ። ለዚያ በተደረገው በዓል እስረኛ ይፈታል ተባለና ሴቶች ሁሉ ግንቡ ሥር ዋልን። የተወሰኑ ሰዎች ወጡ። የመቂ ባል ከእነሱ ጋር ነበር። መቂ ባሏን ያዘችው፤ ግን ዓይኗ ወደ እኔ ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በደስታዋ ቀን እንዲህ ያዘነች ሰው አይቼ አላውቅም። አቅፌ ሳምኳት። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ወደ ሞጆ በሚመልሰው አውቶቡስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ባልና ሚስቱ ናዝሬት ድረስ መጡ፤ አንድ ዘንቢል ቲማቲም ይዘው። ሰውየው ዝምተኛ ነው። ከልጄ ጋር በአንድ ክፍል ታስሮ ነበር። ልጄ ደኅና እንደሆነ፣ ዳዊት በቃሉ እንደሚደግም፣ ዳቦዬን ቆርሶ ለሁሉም እንደሚያድል ነገረኝ። ልጠይቀው የፈለግሁት ብዙ ነበር። የጠየቅሁት ግን አንድ ነገር ነው።

«ቁመቱ ምን ያህል ነው?»

ሰውየው ተነሣ። ጀርባውን የበሩን መቃን አስነክቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ስንዝሩን ዘረጋ። «የምንተኛው ጎን ለጎን ነው፣ እህቴ» አለ። «ቦታ የለም። ራሳችንን ከግድግዳው እኩል እናደርጋለን፤ የልጅሽ እግር ከእኔ በስንዝር ያልፋል። እዚህ ነው።»

ከካውያው ከሰል አንሥቼ መቃኑ ላይ መስመር አደረግሁ። ከሥሩ ቆምኩ። ልጄን ቀና ብዬ አየሁት።

ሲሄዱ ሱሪውን ይዤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ፤ ያጠፈውን ፈታልኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ከሰል ሳቀጣጥል መስመሩን አያለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አያለሁ። እዚያ ጋ ግንባሩ፣ እዚህ ጋ አፉ፣ እዚህ ጋ ትከሻው እላለሁ። ፊቱን ላደርግበት እሞክራለሁ፤ የሚመጣልኝ ግን የተማሪነቱ ፊት ነው። ለዚያ ቁመት አይሆንም።

ልጄ የመጣው በዓልም ስብሰባም ባልነበረበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጠረጴዛ ልብስ ስተኩስ ነው። «እማ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወፍራም ድምፅ ነው፤ አላወቅሁትም፤ ጥሪውን ግን አወቅሁት። ካውያውን ጨርቁ ላይ ትቼ ሮጥኩ። የሆቴሉ የጠረጴዛ ልብስ ዛሬም የዚያ ቀን ጠባሳ አለበት፤ ሆቴሉ ለእኔው ተወልኝ።

ከደጅ አጠብኩት፤ አዲሱን ልብስ አለበስኩት። ሱሪው ልክ መጣ። አንድ ጣት አልጎደለም፣ አንድ ጣት አልተረፈም። ተመስገን አልኩ። ከዚያ በበሩ ሲገባ መቃኑን አየሁ። ራሱ ከመስመሩ በታች ነው። በብዙ በታች ነው። ሰውየው እናት ደስ ይበላት ብሎ ጨምሮልኛል ብዬ አሰብኩ። ሱሪው ግን ልክ ነው።

ወደ መቂ ሄጄ ባሏን ጠየቅሁት።

«አልጨመርኩም፣ ወላሂ» አለኝ። እሱም ቢሆን ሲያወራ አንገቱ ትከሻው መካከል ነው። «እኔ የለካሁት ተኝቶ ነው። እዚያ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ይጠራል። ሁላችንም ጎንበስ ማለት ለምደናል። ተኝተን ብቻ ነው ቁመታችን።»

ጎረቤቴ፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ፣ ዳቦ ጋግራ ልጄን ለመጠየቅ መጣች። ተነሥቶ ሳማት፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አየሽ» አለችኝ፣ ስሸኛት። «ያች ጥያቄሽ ተመለሰች። ሕጉ ቀድሞ የገቡትንም አየ። በሪፖርቱ እናስገባዋለን።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። ከልቤ ነው። ልጄ ቤቴ ገብቷል፤ ከዚህ በላይ የምለምነው አልነበረም።

«አድጓል ደግሞ። እንዴት ረዘመ!»

«ትንሽ ይቀረዋል» አልኩ።

«ከዚህ ወዲያ?» ብላ ሳቀች።

ለፋሲካ ቤቱን ኖራ ቀባን። ልጄ በርጩማ ላይ ሆኖ ከላይ፣ እኔ ከታች። ሥራውን በዝምታ ነው የሚሠራው፤ በመንገድ የእግር ኮቴ ሲሰማ ብሩሹ ይቆማል፣ ኮቴው ሲያልፍ ይቀጥላል። መቃኑ ጋ ሲደርስ ከበርጩማው ወረደ።

«እማ፣ ይኼ ጥቁር ምንድን ነው? ላጥፋው?»

መልስ ሳልሰጠው እጁን ወደ መስመሩ ዘረጋ። ክንዱ ሲወጣ ወገቡ ተቃና፣ አንገቱ ከትከሻው መካከል ወጣ፣ ራሱ ከመስመሩ እኩል ሆነ። ፊቱንም በዚያ ቁመት አየሁት።

«ተወው ልጄ» አልኩት።

እጁን አወረደ። ትከሻውም አብሮ ወረደ። እኔ ግን አይቼዋለሁ።